በወጡበት ማርሽ መውረድ
የሊማሊሞ ቁልቁለት፣ የፍሬን ሙቀትና የሞተር እገዛ

ምድር እዚያ ላይ ያበቃች ይመስላል። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ፣ ደባርቅን ካለፈ በኋላ ጥቂት በደጋው ላይ ይጓዝና በድንገት ከገደል አፋፍ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሊማሊሞ ነው። መንገዱ በገደሉ ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በክረምት ጉም ሲሸፍነው ከፊት ካለው መኪና የኋላ መብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ በበጋ ግን ከአፋፉ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ በታችኛው ኩርባ ላይ ያሉት የጭነት መኪናዎች የሕፃን መጫወቻ ያህላሉ።

ከዓመታት በፊት በአንዲት አሮጌ ባለ ማንዋል ማርሽ የቤት መኪና ይህን ቁልቁለት ስወርድ፣ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ጨርቅና ላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ወዲያው የፍሬኑ ፔዳል ለወትሮው ከሚቆምበት በታች ወረደ፤ እንደ ስፖንጅም ለሰለሰ። መኪናዋ በአራተኛ ማርሽ ላይ ነበረች፤ እኔም ከአፋፉ ጀምሮ እግሬን ከፍሬን ላይ ያነሣሁበት ጊዜ አልነበረም። ፔዳሉን ደጋግሜ እየረገጥሁ፣ ማርሹንም አንድ በአንድ እየቀነስሁ፣ ሰፋ ካለ ኩርባ ላይ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ ለማቆም ቻልሁ። ከጎማው ሥር ድንጋይ ካደረግሁ በኋላ ከጠርሙስ ጥቂት የውሃ ጠብታ በፊተኛው ቸርኬ ላይ ባንጠባጥብ፣ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወደቀ ውሃ ጮኾ ተነነ።

ከኋላዬ ይወርድ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሾፌር ወረዱ። ሽታው የሆነውን ሁሉ ስለ ነገራቸው ብዙ አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ይህን ዳገት ስትወጣ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው?»

«በሁለተኛ ነው ጋሼ፤ አንዳንዴም በአንደኛ።»

«እንግዲያው ስትወርድም በእርሱ ውረድ። ፍሬኑን ለሚያስፈልግህ ቦታ አስቀምጠው።»

ይህን ምክር ተራራ ባለበት አገር ሁሉ ያሉ ሾፌሮች ያውቁታል። ትክክል መሆኑን እኔም ያመንሁት እዚያው ኩርባ ላይ ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ለመረዳት ግን ወረቀትና እርሳስ አስፈለገኝ። በዚህ ጽሑፍ ያንን ስሌት ከአንባቢ ጋር አብረን እንሠራለን።

መንገዱና ትቶልን የሄደው ቃል

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ በተደራረበ የባዛልት ቅላጭ የተገነቡ፣ ከዚያም በውሃ እየተሸረሸሩ የተቦረቦሩ ናቸው። ገደሉ ከሩቅ ሲታይ ደረጃ በደረጃ የተካበ የሚመስለው የእነዚህ ንጣፎች ጠርዝ ስለሚታይ ነው። መንገድ ቀያሽም ከዚህ ግድግዳ ጋር መከራከር አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው እየጠመዘዘ ማውረድ ብቻ ነው።

ይህን መንገድ በገደሉ ላይ ያስቀደዱት እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን ይዘው የነበሩት ጣልያኖች ናቸው። በአፋፉ ላይ የነበረው የወልቅፊት ምሽጋቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ከሁለት ወር በኋላ ነፃ ወጣች። ጦሩ ሲሄድ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ለእነዚህ ዕቃዎች አዲስ የአማርኛ ስም ለማውጣት የሚደረገው ሙከራ የሚመሰገን ቢሆንም፣ የደባርቅ መካኒክ የማያውቀውን ቃል ይዞ መለዋወጫ መጠየቅ ስለማያዋጣ በዚህ ጽሑፍ የለመድነውን እንጠቀማለን።

44 ሊትር ውሃ የሚያፈላ ሙቀት

ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋምም፤ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። መኪና ዳገት ሲወጣ ከነዳጁ ያገኘው ጉልበት ከፊሉ በከፍታ መልክ ይቀመጣል። ይህም እምቅ ጉልበት ይባላል። ሲወርድ ያ እምቅ ጉልበት መውጫ ይሻል። መውጫ ካላገኘ ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ በሊማሊሞ ኩርባዎች ላይ ይህ የሚሆን አይደለም።

መጠኑን እናስላ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወረደ እንበል። የሊማሊሞ ቁልቁለት በሙሉ ሲለካ ከዚህ ይበልጣል፤ እኛ ግን ለስሌት እንዲመች በክብ ቁጥር እንያዘው። እምቅ ጉልበት የሚገኘው ክብደተ ቁሱን በስበት ፍጥንጥነትና በከፍታው በማባዛት ነው፤ 1,500 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1,000 ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 14.7 ሜጋጁል ይሆናል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ለአንባቢ ብዙ ላይናገር ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ የእኛ መኪና የጣለችው ከፍታ 44 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል፤ ሁለት ጀሪካን ከነትራፊው ማለት ነው። በሌላ መንገድ ብናየው፣ በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድን ይህንኑ መኪና አንድ ጊዜ ለማቆም ፍሬኑ የሚያስወግደው ጉልበት 370 ኪሎጁል ገደማ ነው። ስለዚህ 1,000 ሜትር መውረድ ከዚያ ፍጥነት 40 ጊዜ በተከታታይ እንደ መቆም ይቆጠራል። በአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ላይ አንድ ሾፌር በዚህ ዓይነት 40 ጊዜ ቢያቆም ተሳፋሪዎቹ ወርደው ይሄዱ ነበር፤ በሊማሊሞ ግን ይኸው ነገር ሳይታወቅ ይፈጸማል።

አሁን ጊዜውን እንጨምርበት። ቁልቁለቱ በአማካይ 8 በመቶ ቢሆን፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ቢወርድ፣ 1,000 ሜትር ለመውረድ 12.5 ኪሎሜትር መንዳት ያስፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎሜትር ፍጥነት ይህ 25 ደቂቃ ይፈጃል። 14.7 ሜጋጁልን ለ25 ደቂቃ ስናካፍል 10 ኪሎዋት ያህል እናገኛለን። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ ከመኪናዋ ሥር ሦስት ምጣዶች ለ25 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ተጥደዋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የጎማው መንከባለልና የአየሩ መቃወም 2 ኪሎዋት ያህል ይቀንሱልናል። የቀረውን 8 ኪሎዋት ማን ይውሰደው? ጥያቄው በሙሉ ይህ ነው።

ሸራው፣ ታምቡሩና ዘይቱ

ሾፌሩ ሁሉንም ለፍሬን ከተወው፣ ጉልበቱ በሸራውና በዲስኩ ወይም በታምቡሩ መካከል በሚፈጠረው ሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የአራቱም ጎማዎች ዲስክና ታምቡር በአንድነት 40 ኪሎግራም ብረት ቢሆኑ፣ 14.7 ሜጋጁል ያ ብረት ሙቀቱን ለአየር ሳያስተላልፍ ቢቀር በ800 ዲግሪ ያህል ያግለዋል። እርግጥ ነው፣ መኪናው በመንቀሳቀስ ላይ ስለሆነ አየሩ አብዛኛውን ይወስዳል። ሆኖም በዝግታ በሚወርድ መኪና ላይ የሚነፍሰው አየር ጥቂት ነው፤ በኋላ ጎማ ላይ ያለው ታምቡር ደግሞ ዝግ ዕቃ በመሆኑ ሙቀቱን በቶሎ አይለቅም።

ሙቀቱ ሲበዛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይከሰታሉ፤ ሾፌሮች ሁለቱንም «ፍሬን አልያዘም» ቢሏቸውም መለየት ይገባል። የመጀመሪያው የሸራው መዛል ነው። ሸራው የተለያዩ ቃጫዎችና ዱቄቶች በማጣበቂያ ሙጫ ታሽተው የተጋገሩበት ነው። ከልክ በላይ ሲግል ሙጫው መበስበስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ የሰበቃው ኃይልም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይታዘዝም። ታምቡሩም በሙቀት ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፤ በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ፔዳሉን ስንረግጥ ኃይላችን ወደ ጎማው የሚደርሰው በፍሬን ዘይት አማካይነት ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይኮማተር እንደ ብረት ዘንግ ያገለግላል። ጋዝ ግን ይኮማተራል። ዘይቱ በጎማው አጠገብ ካለው ሲሊንደር ውስጥ ፈልቶ የእንፋሎት አረፋ ከፈጠረ፣ እግራችን የሚገፋው አረፋውን ነው፤ ሸራው አይነቃነቅም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

ዘይቱ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በቆርቆሮው ላይ ዶት 3 ተብሎ የተጻፈበት ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ መለኪያው ያስገድዳል። ችግሩ ይህ ዘይት እርጥበት ወዳድ መሆኑ ነው። በላስቲክ ቱቦዎቹና በክዳኑ በኩል የአየሩን እርጥበት ቀስ በቀስ ይመጥጣል። ከክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ በጠጣ ጊዜ ለዶት 3 የሚፈቀደው ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። በጎንደር ከተማ ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን ያገለገለ አሮጌ ዘይት፣ በሊማሊሞ 25 ደቂቃ ውስጥ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማው አልፈተነውም።

ከቆሙ በኋላም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የእኔ ጥቂት ጠብታ እንኳ የማወቅ ጉጉት ያመጣው እንጂ የሚመከር አልነበረም። የእጅ ፍሬኑንም ጨምድዶ መተው አይበጅም፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተጨማድዶ ሊይዝ፣ ወይም ሊላላና ሊለቅ ይችላል። ማርሽ አስገብቶ ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይሻላል።

ሞተር እንደ አየር ፓምፕ

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ ተለቆ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ የሥራው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ እስካሁን ሞተሩ ጎማውን ያዞር ነበር፣ አሁን ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩም በቀላሉ አይዞርም። በቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው በር ይዘጋል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ለመሳብ ይሞክራል፤ በሩ ዝግ ነውና ከበስተጀርባው ቫኪዩም ይፈጠራል። አፍንጫን በጣት ደፍኖ ለመተንፈስ እንደ መሞከር ነው። በዚህ ላይ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ የኩሽኔታዎቹ፣ የቫልቮቹና የፖምፓዎቹ ሰበቃ ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚበላው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ ግን የሚያርፈው ሙቀት ለማስወገድ ሲባል በተሠራው አካል ላይ ነው። ራዲያተር፣ የሞተር ዘይትና የጭስ ማውጫ ይቀበሉታል። የፍሬን ሸራ ራዲያተር የለውም።

የማርሹ ቁጥር ለምን ለውጥ ያመጣል? በሰዓት 30 ኪሎሜትር ስንሄድ የአንድ መካከለኛ መኪና ጎማ በደቂቃ 260 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ ከጎማው አራት እጥፍ ገደማ ስለሚዞር በደቂቃ 1,050 ዙር ይሆናል፤ ከቆመበት የሥራ ፈት ዙር ብዙም አይለይም። በሁለተኛ ማርሽ ግን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 2,100 ዙር ይደርሳል። በአንድ ደቂቃ የሚከናወነው የመሳብና የመጭመቅ ሥራ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ሰበቃውም ከዙሩ ጋር ያድጋል። አንድ ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር በዚህ ዙር ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሊውጥ ይችላል። ከ8 ኪሎዋታችን ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ከፍሬኑ ላይ ወረደ። አንደኛ ማርሽ ደግሞ በዚሁ ፍጥነት ሁሉንም ሊሸከመው ይችላል፤ ሆኖም ሞተሩ ስለሚጮህና ፍጥነቱም መቀነስ ስለሚኖርበት ለክፉ ኩርባ ብቻ የሚተው ነው።

የናፍጣ ሞተር ለብቻው መታየት አለበት። አብዛኛው የናፍጣ ሞተር የአየር በር የለውም፤ ስለዚህ ቫኪዩሙ አይኖርም። አየሩን ከቤንዚን ሞተር በሚበልጥ ግፊት ይጨምቃል፤ ነገር ግን የተጨመቀ አየር እንደ ስፕሪንግ ፒስተኑን መልሶ ስለሚገፋ ከሰጡት ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። የጭነት መኪናዎች ጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠምላቸው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። 15 ቶን ጭኖ ለሚወርድ መኪና ከላይ የሠራነው ስሌት በሙሉ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ ያለዚህ መሣሪያ ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ መውረድ የማይታሰብ ነው።

እዚህ ላይ ሾፌሮች አበክረው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ማርሹ መመረጥ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ሲሞከር በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ፍጥነታቸው አይገጥምም። በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ማርሹ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ ይቀርና ዜሮ ላይ ይንጠለጠላል። ፍጥነት ማስተካከያ ቀለበት ባለው የቤት መኪና ላይ ቢገባ እንኳ፣ ጎማው ሞተሩን ከተሠራለት ዙር በላይ ሊያሽከረክረው ይችላል። በኩርባ ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መጠምዘዝም ከዜሮ ማርሽ አይለይም፤ ፔዳሉ በተረገጠበት ጊዜ ሁሉ ሞተሩ ከጎማው ተለያይቷል። በክረምት፣ ጭቃ ባለበት ኩርባ ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ የሚጎትቱትን ሁለት ጎማዎች ሊያንሸራትት ስለሚችል ቀስ ማለት ይገባል።

የዜሮ ማርሽ «ቁጠባ»

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በቁልቁለት ማርሹን ዜሮ የሚያደርጉ፣ አልፎ ተርፎም ሞተሩን የሚያጠፉ አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። በካርቡራቶር ዘመን ይህ እምነት ከፊል እውነት ነበረው፤ ካርቡራቶር እግር ቢነሣለትም ጥቂት ቤንዚን ማፍሰሱን አያቆምም ነበርና። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነዳጅ በሚረጭበት ሞተር ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ተነሥቶ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ሳለ ሞተሩን ጎማው ስለሚያዞረው መቆጣጠሪያው ነዳጁን ፈጽሞ ይቆርጠዋል። ዜሮ ማርሽ ላይ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ግዴታው ነው፤ በ25 ደቂቃ ቁልቁለት ውስጥ ከሩብ ሊትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቆጣቢው ሾፌር ቤንዚንም ሸራም አባከነ።

ሞተሩን ያጠፋው ደግሞ ከዚህም የከፋ ዕዳ ውስጥ ይገባል። የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልልን መሣሪያ የሚሠራው ከላይ በጠቀስነው ቫኪዩም ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የተጠራቀመው ቫኪዩም ለጥቂት ጊዜ መርገጥ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ይቆለፋል።

ወደ ላይ፦ የቧሂት መንገድ

ከደባርቅ የሚነሣው ሁለተኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ብሔራዊ ፓርኩን አቋርጦ፣ በቧሂት ትከሻ ላይ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ደርሶ ወደ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ይወርዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ በዋልያው መኖሪያ መካከል የሚያልፈው ይኸው መንገድ ነበር፤ ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ከ60 ገደማ ጋር ወደ ተራራው ይወጣል። ደባርቅ ላይ ሦስተኛ ማርሽ የበቃው ዳገት ጨነቅ ላይ ሁለተኛን የሚጠይቀው ሞተሩ ስለታመመ አይደለም። ባለ ካርቡራቶር መኪና ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል።

ከፍታው በቁልቁለትም ላይ ያስከፍላል። ቫኪዩም ማለት በውጭው አየርና በሞተሩ መግቢያ መካከል ያለ የግፊት ልዩነት ነው፤ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ልዩነቱም ይጠባል። ስለሆነም ከቧሂት ሲወረድ የቤንዚን ሞተር የመያዝ ኃይል በቆላ ካለው ያንሳል፤ የፍሬኑ ፔዳልም ይከብዳል። ከዚያ ወደ መካነ ብርሃን ሲወረድ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

ውሃም ቀድሞ ይፈላል። በደባርቅ 90 ዲግሪ፣ በቧሂት መተላለፊያ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የደጋ እናቶች ባቄላው አልበስል አለ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የራዲያተሩ ውሃ ግን ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ከተበላ ይህ ጥበቃ ይቀራል፤ የሞተሩ መደበኛ የሥራ ሙቀት ራሱ 85 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ በቧሂት ላይ ውሃው ያለ ምንም ሌላ ብልሽት ይንተከተካል። ብዙ ሰው ሞተር ተበላሸ ብሎ ያለቀሰበት ጉዳይ በአንድ ክዳን የሚፈታ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን በጋለ ሞተር ላይ መክፈት ግን ፊትን ማስፈጀት ነው።

ከጉዞ በፊት፣ በደጃፍ

ከዚህ በላይ ከተባለው አብዛኛውን የመኪናው ባለቤት ራሱ በደጃፉ ሊመረምር ይችላል። ኮፋኖውን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ማየት የመጀመሪያው ነው። አዲስ ዘይት እንደ ቀጭን ማር የነጣ ነው፤ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ ዕድሜው አልፏል። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የተለመደ ምክር ነው። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ እርጥበት ጠጥቷልና አይጨመር። የዘይቱ ከፍታ ቀስ በቀስ ቢወርድ ሸራው እያለቀ ነው፤ በድንገት ቢወርድ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ያለ መካኒክ ከቤት መውጣት አይገባም።

ጎማ ሲፈታ የፊቱ ሸራ በዓይን ይታያል። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከደረሰ ለሊማሊሞ አይበቃም። በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ ይገኝ ስለነበር አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ፍሪሲዮኑን ለመፈተሽ በሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ጤናማ ነው፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው ይንሸራተታል። ፈተናው ራሱ ስለሚጎዳው አንድ ጊዜ ይበቃል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎችም አንድ ቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ባለ ባትሪዎቹ በርክተዋል። እነዚህ ማርሽ ባይኖራቸውም በቁልቁለት ሞተራቸው ዲናሞ ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ የእኛ 14.7 ሜጋጁል 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ከግማሽ በላይ ሊተርፍ ይችላል። ነገር ግን የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደባርቅ አድሮ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ በማለዳ ሊማሊሞን የሚጀምር ሰው ያን የሞተር ፍሬን አጥቶ በሸራው ብቻ ሊወርድ ነው። ጥቂት አጉድሎ መነሣት ይሻላል።

በዚያ ቀን ኩርባው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ፔዳሉ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀድሞው ጠነከረ፤ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ ነበር። የቀረውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከሽማግሌው መኪና ኋላ ኋላ ወረድሁ። ጎንደር ስመለስ የተቀዳው የፍሬን ዘይት ከጥቁር ቡና አይለይም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው መኪና፣ በአዲስ ዘይት፣ ከአፋፉ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ ቆላው ላይ ስደርስ ቆምሁና ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ በቸርኬው ላይ አንጠባጠብሁ። ውሃው ዝም ብሎ ወርዶ መሬት ላይ ጠብ አለ።